መሸሻ የሌለው ቃል

ናሲሞ ዋርፋ ተብታባ መሆኗን በሰፈሯ መጋላ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። የወለደቻት እናቷ እንኳ አታውቅም። ሌላ ከተማ ብትወለድ ኖሮ ይህን ያህል ዘመን መደበቅ ባልቻለች፤ የተወለደችው ግን ድሬዳዋ ነው።

አባቷ ሶማሌ ነው፤ እናቷ ቱሪያ ኦሮሞ ናት፤ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ሐረሪ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በአማርኛ ተማረች። በዚያ ሰፈር ሰው ወሬውን በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ቢጨርስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ናሲሞ የዚህን ጥቅም ያወቀችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አንድ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ሲቆምባት፣ መንጋጋዋ ሲደርቅና ትንፋሿ ሲያጥር፣ ቃሉን እዚያው ትታ ወደ ጎረቤቱ ትዘላለች። እናቷ ቀፊራ ገበያ ዲራ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስና ሻሽ በምትሸጥበት መደብ አጠገብ ቆማ «ቀይ» ልትል ስትል ከተያዘች «ዲማ» ትላለች በኦሮምኛ። እሱም እንቢ ካላት «ጉዱድ» ትላለች በሶማሊኛ። ደንበኛዋ ጨርቁን በጣቷ እየዳበሰች ዋጋ ትጠይቃለች እንጂ ልጅቷ ከአንድ ቀለም ስም ስትሸሽ መቆየቷን ልብ አትልም። እንዲያውም ገበያተኛው ይወዳታል። «የቱሪያን ልጅ እይ፣ ምላሷ ቅቤ! ከማን ጋር ነው የማትግባባው?» ይላል።

ናሲሞ ይህን ስትሰማ ጥርሷ ይስቃል። ሆዷ አይስቅም። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ሲያወራ እሷ ከምትናገረው ቃል ቀድማ እየሄደች መንገድ ትጠርጋለች፤ የትኛው ቃል እንደሚይዛት፣ ከያዛት በየት በኩል እንደምታመልጥ ታሰላለች። ማታ ጋደም ስትል የሚሰማት ድካም የሥራ ሳይሆን የወሬ ድካም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም ብዙ አያወራም፤ በእጅ ምልክት ይግባባሉ። ለእሷ ተመቻት። መመቸቱ ራሱ ነው አንድ ቀን ያስደነገጣት። «እዚህ ካረጀሁ አፌ የሚያገለግለኝ ለምሳ ብቻ ነው» አለች በልቧ። በሚቀጥለው የመመዝገቢያ ወቅት ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ሄዳ ነርስነት ተመዘገበች። ለምን ነርስነት ቢሏት በሽተኛን ማነጋገር እፈልጋለሁ ነበር የምትለው። የጠየቃት ግን አልነበረም።

ኮሌጁ ውስጥ ሁሉም ነገር መልካም ሆኖላት ነበር፤ እስከ መምህር ኒቆዲሞስ ክፍል ድረስ።

መምህር ኒቆዲሞስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የድሬ ሙቀት የማይበግረው ሰው ነው። የሚያስተምረው የሕክምና ቃላትን ነው። ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፍና በጠመኔ እየሰነጠቀ ይቆራርጠዋል፤ ከቁራጮቹ አንዱ ላይ ደግሞ ከላይ አጭር ሰረዝ ያኖራል። ጫናው እዚያ ነው ማለት ነው፤ ድምፅ ከፍ የሚለው፣ የሚረግጠው እዚያ ላይ ነው።

«ረጅም ቃል በአንድ ጊዜ አይጎረስም፣ ይቆረሳል» ይላል። «'አይቲስ' ብሎ የሚያልቅ ቃል ሁሉ የሚረገጠው 'አይ' ላይ ነው። ሄፓታይቲስ፣ 'ታይ'! ጋስትሮኢንተራይቲስ፣ 'ራይ'! ከፊት የተደረደሩት ቁራጮች ብዛታቸው አያስደንግጣችሁ፣ ቀለል አድርጋችሁ እለፏቸው። ጉልበታችሁን ለሚረገጠው አስቀምጡ። ስልክ ላይ ያለ ሐኪም የሚሰማው ፊደሉን አይደለም፣ ዜማውን ነው። ጫናውን ያለ ቦታው ካሳረፋችሁት 'ምን?' ይላችኋል።»

«መምህር፣ አሁን ጫናው በሙሉ እኛ ላይ ነው ያረፈው» አለች ስምረት፣ ከናሲሞ ጎን የምትቀመጠው ጓደኛዋ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ናሲሞ አልሳቀችም። ሰሌዳውን ታይ ነበር። መምህሩ ሰረዝ ያኖረባቸው ቁራጮች በሙሉ እሷ የምትያዝባቸው ነበሩ። ለሌላው ተማሪ ሰረዙ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ቦታ ነው፤ ለእሷ በሩ የሚቆለፍበት ቦታ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ፈተና የቃል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይሰጠዋል። ልምምድ ከሚወጡበት ሆስፒታል በሚመጡ ፈታኞች ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ፣ በትክክለኛው የሕክምና ስም ያቀርባል። ያለፈ ወደ ሆስፒታል ይወጣል፤ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ለናሲሞ የደረሳት ዴንጊ ትኩሳት የያዘው ሰው ነው። ድሬ ውስጥ ዴንጊን የማያውቅ ስለሌለ ደስ አላት። ከዚያ የላቦራቶሪ ውጤቱን ገልጣ አየች። የበሽተኛው ፕላትሌት፣ ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ወርዷል፤ ደሙ አልረጋ ብሏል። የዚህ ስሙ ትሮምቦሳይቶፒኒያ ነው። መምህር ኒቆዲሞስ ሰሌዳው ላይ ሰነጠቀላት፦ ትሮም፣ ቦ፣ ሳይ፣ ቶ፣ ፒ፣ ኒ፣ ያ። ሰረዙን «ፒ» ላይ አኖረው።

ለፈተናው በክፍል ውስጥ በተለማመዱበት ቀን ተነስታ ጀመረች። ዕድሜውን፣ ትኩሳቱን፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙን ተናገረች። እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ዞረች፤ «ፕላትሌቱ ቀንሷል» አለች በእንግሊዝኛ።

«ስሙ?» አለ መምህሩ።

«ትሮምቦሳይቶ...» አለችና ከንፈሮቿ ገጠሙ።

አልከፈት አሉ። ትንፋሿ ከኋላ ይገፋል፣ ከንፈሯ እንደ ተሰፋ ጨርቅ ይዟል። በውስጧ መሸሻ ፈለገች። ኦሮምኛ ሄደች፣ የለም። ሶማሊኛ ሄደች፣ የለም። የቁርኣን ቤት ዐረብኛዋ ጋ ደረሰች፣ እዚያም የለም። ቃሉ ጎረቤት አልነበረውም።

«አቦ ሞተሩ ጠፋባት፣ ግፏት!» አለ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ሁዘይፋ። ክፍሉ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም፣ የባጃጅ ተራ ሳቅ ነበር። ስምረት ደግሞ ጭንቀቱን መቋቋም አቅቷት «ፒኒያ!» ብላ ጨረሰችላት። ናሲሞ ተቀመጠች። የሁዘይፋ ቀልድ ያን ያህል አልቆጠቆጣትም። የስምረት እርዳታ ነው ያቃጠላት።

ከክፍል በኋላ መምህር ኒቆዲሞስ አስቀራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንም አያውቅም፣ መምህር።»

«በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ኮሚቴውን እኔ አናግርልሻለሁ፣ እንቢ አይሉኝም። ስትመረቂ ደግሞ ካርድ ክፍል አለ፣ መድኃኒት መጋዘን አለ። ንግግር የማይበዛበት ቦታ አይጠፋም። ይሄ ምክር ነው፣ ቅጣት እንዳይመስልሽ።»

 ሰውየው ከልቡ ነበር። ናሲሞ ቀና አለች።

«የእርስዎ ደግነት አልጠፋኝም፣ መምህር። ግን ዝም ማለት ብፈልግ ስፌት ማሽኑ ነበረኝ። በ... በአፌ ነው የማቀርበው።»

«ብትወድቂስ?»

«በአፌ እወድቃለኋ።»

ቤቷ ገብታ ግቢው ጥግ ተቀመጠችና ቃሉን ታፋዋ ላይ በመዳፏ እየመታች ትለው ጀመር። ሰባቱንም ቁራጭ እኩል፣ አንዱን ከአንዱ ሳታስበልጥ፣ እንደ ደረጃ እየረገጠች። ትሮም። ቦ። ሳይ። ቶ። ፒ። ኒ። ያ። አልያዛትም! ደገመችው፤ አሁንም አልያዛትም። «ፒ» ከሌሎቹ ጋር ከተስተካከለ፣ ከፍ ካላለ፣ በሩ አይቆለፍም ማለት ነው። በደስታ እስኪያልባት ደጋገመችው።

በሚቀጥለው ልምምድ ያለ አንዳች እንቅፋት አቀረበች። ሁዘይፋ «ሞተሩ ተነሳ!» ብሎ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ። ስምረት አቀፈቻት። መምህር ኒቆዲሞስ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ቃል አይደለም፣ ናሲሞ። ሰባት ጠጠር ነው። 'ፒ' የታለች? ደፍጥጠሻት አለፍሽ። ከሆስፒታል የምትመጣው ፈታኝ ሲስተር ፋና ይህን አትቀበልሽም፤ ስልክ ላይ ያለ ሐኪምም አይገባውም።»

«ሳልያዝ ጨረስኩ እኮ፣ መምህር!»

«ጨርሰሻል። አልተናገርሽውም።»

ቤቷ እስክትደርስ ሰውየውን በልቧ ስትሰድበው ቆየች። ምቀኛ አለችው፣ ግትር አለችው። የመጋላን ጠባብ መንገድ ስትይዝ ግን ስድቡ አለቀባት፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር። ሰውየው ልክ ነው። ጠፍጣፋው አነጋገር እንደ ዲማ፣ እንደ ጉዱድ ያለ ሌላ መሸሻ ነበር። ዕድሜ ልኳን ከቃል ወደ ቃል ስትሸሽ ኖራ አሁን በአንድ ቃል ሆድ ውስጥ ገብታ መሸሽ ተማረች። ከዚህ በኋላስ ወዴት ነው የሚሸሸው? ቆመችና ለብቻዋ «እንቢ» አለች፤ አጠገቧ የሚያልፍ ጋሪ ነጂ እሱን የተናገረችው መስሎት ገላመጣት።

ወሰነች። «ፒ» ላይ ድምፅ ታነሳለች። ከያዛት ይያዛት፤ እስኪለቃት ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትዞርም። ይህን ደግሞ ለፈተና ቀን ብቻ አቆይታ አይሆንላትም፤ ከዛሬ መጀመር አለበት።

በማግስቱ እናቷ መደብ ላይ ቆማ ለአንዲት ደንበኛ ሻሽ ስታሳይ «ቀ... ቀ...» ላይ ተያዘች። ዲማ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አልነካችውም።

«አዎ፣ ቀዩን ነው፣ አምጪው» አለች ደንበኛዋ።

«አ... አልጨረስኩም» አለች ናሲሞ። «ቀ... ቀ... ቀይ።»

ቱሪያ እጇ ላይ ያለው ዲራ ወደቀ። ልጇን ትከሻዋን ይዛ ወደ መደቡ ጀርባ ጎተተቻት።

«ኢንታላ ኮ! ልጄ! ምን ነካሽ? ማን በክፉ ዓይን አየሽ?»

«ማንም አላየኝም፣ አዮ።»

«ያ ኮሌጅ ነው! ጤነኛ ልጅ ልኬ አፏን አበላሽተው መለሱልኝ! ዋላሂ ሄጄ ነው የምጮህባቸው!»

«አልተበላሸሁም። ድ... ድሮም እንዲህ ነኝ። ስደብቅሽ ነው የኖርኩት።»

ቱሪያ አላመነችም። ከዚያ የልጇን ፊት ረዘም አድርጋ አየች፤ ማመኑ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከማመኑ ጋር ንዴት መጣ። «ከእኔ? ከእናትሽ? ገበያው ሁሉ ምላሷ ቅቤ ሲልሽ እኔ ደረቴን ነፍቼ!» አለች። ቀጥላ ደግሞ ሼኩ ጋ እወስድሻለሁ፣ ቁርኣን ይቀራብሻል አለች።

«ይቀራልኝ፣ አዮ፤ ደስ ይለኛል። ግን እየተንተባተብኩም ቢሆን መናገሬን አልተውም።»

በዚያ ሳምንት ገበያው ያወራው ስለ እሷ ነበር። አዝነው ከንፈር የሚመጡ ነበሩ፤ አፏን እያዩ የሚስቁ ነበሩ። ዋጋ ስትከራከር ቃሏን መጠበቅ ታክቷቸው ቶሎ የሚስማሙም ነበሩ፤ ይህን ያየችው ቱሪያ ሳትወድ ሳቋ አመለጣት። ናሲሞ ግን እንዲህ ያለ ድካም ደክሟት አያውቅም፤ ፊቷ ይግላል፣ አንገቷ ይወጠራል። ከአሮጌው ድካም የተለየ ነበር። ያኛው የሚሸሽ ሰው ድካም ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች ግድግዳ ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ማራገቢያ ትኩስ አየር ያማስላል። ፊት ለፊት መምህር ኒቆዲሞስና ሲስተር ፋና አሉ። ሲስተር ፋና የሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ ናት፤ ብዙ ዓመት በሽተኛ ስለጠበቀች ፊቷ ቶሎ አይነበብም።

ናሲሞ ተነሳች። ወረቀቷን ወንበሯ ላይ ትታ መጣች።

«ከመጀመሬ በፊት፣ ሲስተር፣ አንድ ነገር። እኔ ተ... ተ... ተብታባ ነኝ። ቃል ይይዘኛል፤ ከዚያ ይለቀኛል። ሲይዘኝ ማንም አይጨርስልኝ።» ዞር አለች። «ስምረት፣ አንቺም ጭምር።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ስምረት በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ጀመረች። ዕድሜ፣ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። አንዳንዱ ቃል በሰላም አለፈ፣ አንዳንዱ ያዛት፤ እየቆመች ጠበቀች። ወደ ላቦራቶሪው ውጤት ደረሰች። ሁሉም የሚመጣውን ያውቃል።

«ትሮምቦሳይቶ...»

ከንፈሯ ገጠመ። ጠፍጣፋው መንገድ እዚያው አጠገቧ ነበር፤ ደፍጥጣ ብታልፍ በአንድ ትንፋሽ ትጨርስ ነበር። አልሄደችበትም። አንገቷ ላይ ሥር ተነሳ። ሁዘይፋ የጫማውን ጫፍ አተኩሮ ያይ ጀመር። ስምረት የሻሿን ጠርዝ ነከሰች። የመምህር ኒቆዲሞስ ቀኝ እጅ ጠመኔ የያዘ ይመስል ከጠረጴዛው ከፍ አለና እንደገና ወረደ። ናሲሞ ዓይኗን ወደ መሬት አላወረደችም። ሲስተር ፋናን እያየች ቆመች፤ ገና አልጨረስኩም፣ ጠብቁኝ የሚል አቋም ነበር።

«ፒ!» አለች፤ ድምፁ ግድግዳውን መታው። «ፒኒያ። ትሮምቦሳይቶፒኒያ።»

ጫናው የሚረገጠው ቦታ ላይ አርፎ ነበር። ቀጠለች፤ የደም መፍሰስ ምልክቱን፣ ክትትሉን፣ አስፕሪን የማይሰጥበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው ተናገረች። የተሰጣት ሰዓት ካለቀ ቆይቶ ነበር።

ሲስተር ፋና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አቀራረብሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው» አለች። «በሽተኛሽ ድዱ ይደማል እንበል። ሐኪም ትጠሪያለሽ። ቃል ይይዝሻል። ሐኪሙ ተቻኩሎ ስልኩን ቢዘጋብሽስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ናሲሞም አልተቀየመችበትም።

«መልሼ እደውላለሁ፣ ሲስተር።»

«ደግሞ ቢዘጋስ?»

«በሽተኛው አጠገብ ሰው አቁሜ ሐኪሙን ራሴ ሄጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ። እ... እግሬ አይንተባተብም።»

ሲስተር ፋና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ጎትተሽስ ታመጪው ይሆናል» አለች።

አለፈች። ለቃላት አጠራር ሙሉ ነጥብ ተሰጣት፤ ሰዓት በማሳለፏ ተቀነሰባት። መምህር ኒቆዲሞስ ይህን ሲነግራት «ማለፍሽን አይነካም፣ ተዪው» አላት።

«አልተወውም፣ መምህር። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ የኔ ሰዓት እንዴት ያልቃል? አቤቱታ አስገባለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ማን ይችልሻል?» አለ፤ ቢሆንም አቤቱታውን የት እንደምታስገባ አሳያት። መልስ እስካሁን አልመጣም። ናሲሞ በየሳምንቱ ቢሮው በር ላይ ቆማ ትጠይቃለች፤ ጸሐፊዋ ስታያት ቀድማ «ገና ነው» ልትል ትሞክራለች፣ ናሲሞ ግን ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ተናግራ ነው መልሱን የምትሰማው።

ሆስፒታል ልምምድ በወጣች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ እኩለ ቀን ላይ ዴንጊ የያዛቸው አንዲት እናት አፍንጫቸው ደማ። አጠገባቸው የነበረችው ነርስ አፍንጫቸውን ጨምቃ ይዛ «ዶክተር አብዲቃድርን ጥሪ!» አለቻት። ናሲሞ የክፍሉን ስልክ አነሳች።

«ሃሎ፣ ዶክተር፣ ከሴቶች ክ... ክ...»

ስልኩ ተዘጋ።

መልሳ ደወለች። ተነሳ።

«ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም! ኔትወርኩ ነው እንዴ?» አለ ዶክተሩ።

«ኔትወርኩ አይደለም፣ ዶክተር» አለች ናሲሞ። «እኔ ነኝ። አይዝጉት።»